የአባቴ ፖታሲየም

ቦንጋ ውስጥ አባቱን ከሙዝ የሚጠብቅ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሌላው ሰው አባቱን ከመጠጥ ይጠብቃል፣ ከመሬት ክርክር ይጠብቃል። እኔ ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ጎንበስ ብዬ አልጋው ሥር የሙዝ ልጣጭ እፈልጋለሁ። ደግሞም አላጣም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ልጆች ጥለውት ይሆናል።»

«የትኞቹ ልጆች? የዚህ ቤት የመጨረሻ ልጅ እኔ ነኝ። አርባ ሊሞላኝ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ነሻ የጣልሽው» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ሲዋሽ ግን አንደኛ ክፍል ያለ ይመስላል።

አባቴ ጡረታ የወጣ የግሬደር ኦፕሬተር ነው። የካፋን የጠጠር መንገድ ግማሹን የደለደልኩት እኔ ነኝ ይላል፤ ግማሹን የሚለው ትሕትና ሲያጠቃው ነው። በዚያ ሁሉ ዘመኑ ኩላሊት እንዳለው አስታውሶ አያውቅም። ግሬደሩን ያቆማል፣ ካገኘው ዛፍ ሥር ይሸናል፣ ተመልሶ ይወጣል። ከቦንጋ እስከ ዋጫ እሱ ያላጠጣው ዛፍ የለም። ኩላሊት ማለት ለእሱ በበዓል ቀን ከበግ ሆድ ወጥቶ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠበስ ነገር ነበር። ስኳር ያዘው፤ ናቀው። ግፊት ተጨመረበት፤ እሱንም ናቀው። የናቃቸው ሁለቱ ተማክረው ለዓመታት ድምፅ ሳያሰሙ ኩላሊቱን ሲበሉት ከረሙና አንድ ጠዋት እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ አለ። አባቴ ጫማው ጠቦ ነው ብሎ አዲስ ሊገዛ ነበር።

ሐኪሙ የአካባቢው ልጅ ነው፤ ገና ወጣት። ነገር ማስረዳት ይወዳል። አባቴ መንገድ ሠራተኛ እንደነበር ሲሰማ ደስ አለው።

«ኬላ ያውቃሉ አይደል፣ አባባ?»

«ኬላማ አውቃለሁ። ስንቱን ኬላ ነው በግሬደር ያለፍኩት!»

«ኩላሊትም ኬላ ነው። ፖታሲየም የሚባል ነገር አለ፤ በምግብ ይገባል። ሰውነት አብዛኛውን ሴሎች ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ደም ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ጥቂት ሆኖም ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ጡንቻም ልብም አይሠራም። ከልኩ ካለፈ ግን ልብን ያውካል። ትርፉን በሽንት የሚያወጣው ኩላሊት ነው። ከኩላሊት በላይ ቁጭ ያለች ዕጢ ደሙን ታይና ትእዛዝ ትሰጣለች፦ ሶዲየሙን አስቀር፣ ፖታሲየሙን አሳልፍ። ጤነኛ ሰው ሙዝ በሙዝ ላይ ቢደራርብ ኩላሊቱ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የእርስዎ ኬላ ጠባቂ ግን ደክሞታል።»

«ጡረታ ይውጣ» አለ አባቴ።

«ተተኪ የለውማ!»

ሐኪሙ በዚህ አላበቃም። አባቴ ዳሌውንና የጎድን አጥንቱን ያመኛል ማለቱ ትዝ አለውና ካልሲየም ወደሚባለው ዞረ። የወተትና የአጥንት ነገር ነው ብለን የምናውቀው ካልሲየም እንኳ የኩላሊትን እጅ የሚያይ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ቫይታሚን ዲን ለሥራ የሚያበቃው ኩላሊት ነው፤ ቫይታሚኑ ካልተዘጋጀ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየሙን በወጉ አይወስድም። ከሽንት ጋር ሊሄድ የነበረውን ካልሲየምም አብዛኛውን መልሶ ወደ ደም የሚያስገባው እሱ ነው። ሲደክም ሁሉም ይበላሻል። ደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ አንገት ላይ ያሉ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ዕጢዎች ይደነግጡና ከአጥንት እየፋቁ ማምጣት ይጀምራሉ። የአባቴን ዳሌ የሚበላው የገዛ አንገቱ ነው ማለት ነው።

«እንግዲህ አንዱ በዛ፣ አንዱ አነሰ» አለ አባቴ፤ እንደ ገባው ሰው ራሱን እየነቀነቀ።

«ልክ ነዎት። ፖታሲየሙን እንቀንሳለን፣ ካልሲየሙን በመድኃኒት እናግዛለን።»

ቀጥሎ የምግቡ ነገር መጣ። ሙዝ የለም። አቮካዶ የለም። ብርቱካን የለም። ጎመን፣ በተለይ ብዙ ጎመን፣ የለም። እንሰትና ጎደሬ አንድ ላይ ሲጠሩ እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። እናቴ ካፊቾ ናት፣ ዋጫ አካባቢ ተወልዳ ያደገች። እንሰትና ጎደሬ ለእሷ የምግብ ዓይነት አይደሉም፤ ምግብ ማለት እነሱ ናቸው። ጎደሬውን ልጦ፣ ቆራርጦ፣ ውሃውን እየደፉ ሁለቴ መቀቀል እንደሚቻልና ከፖታሲየሙ ብዙው ከውሃው ጋር እንደሚሄድ ሐኪሙ ሲነግራት «ጣሙስ የት ይሄዳል?» አለችው። እሱም ከውሃው ጋር እንደሚሄድ በሐቀኝነት ነገራት። ቡናም በቀን አንድ ሲኒ ብቻ። በካፋ ምድር ላይ ቡና ተለክቶ ሲሰጠው አባቴ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም፤ የንስሐ አባቱ ማንበብ ይችላሉ።

ስኳሩ ማሩን ከለከለ፣ ግፊቱ ጨውን ከለከለ፣ ኩላሊቱ የተረፈውን ሁሉ ወሰደ። ወተት እንኳ ፎስፌት የሚባል ሌላ ጣጣ አለበት ተባለ። ከሐኪም ቤት ስንወጣ አባቴ በነፃ የሚፈቀድለት ዝናቡ ብቻ መሰለኝ፤ ኋላ ውሃም በልክ ነው ተባልን።

ይህንን ሁሉ ሕግ ማስከበር ይቻል ነበር፣ ጠያቂ ባይኖር ኖሮ።

እኛ አገር ሕመምተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። የሚጠይቅ ሰው የያዘውን ይዞ ይመጣል፤ የሌለው ከጎረቤት ተበድሮ ይዞ ይመጣል። ታዲያ ከቦንጋ ገበያ ምን ይገዛል? ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን። ከጓሮ ምን ይቆረጣል? ጎመን፣ ጎደሬ፣ እንሰት። ሐኪሙ የከለከለው ሁሉ በዘንቢል እየሆነ በየቀኑ በራችን ላይ ይደርስ ጀመር። ጠላት ቢያስብበት እንደዚያ አድርጎ አያቀናጀውም።

ማምጣቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሲበላ ማየትም አለ። ከጎናችን ያሉት እትዬ አቮካዶውን እዚያው ገምሰው፣ ማንኪያ አስመጥተው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ።

«አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!»

በማን ሞት እንደሆነ አልተስማማንም። እኔ «ሐኪም ከልክሎታል» እላለሁ። እሳቸው «ሐኪም የከለከለው ስብ ነው እንጂ ፍራፍሬ ምን አደረገ?» ይላሉ። አባቴ በመካከል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሰው ሲጎርስ አፉን በመክፈት ብቻ እንደዚያ ንጹሕ መምሰል ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እኔ ለጠያቂዎቹ ፖታሲየምን ለማስረዳት ያልሞከርኩት መንገድ የለም። ነገር ግን ሙዝ ሰው ይገድላል ብሎ መናገር ራስን ማሳጣት ነው። «ምስኪን፣ ሐሳብ በዝቶባት ነው» ይሉኝ ነበር በር ላይ ሲወጡ፤ ቀስ ብለው የተናገሩ እየመሰላቸው። እኔ ደግሞ የያዙትን ሁሉ ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ እነሱ ዞር ሲሉ ለጎረቤት ልጆች አከፋፍላለሁ። የሰፈራችን ልጆች በዚያ ሰሞን የወፈሩት በአባቴ ኩላሊት ነው።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ ግን የምፈራው የእናቴን ታላቅ ወንድም ነበር። አጎቴ ከዋጫ ወጣ ብሎ ነው የሚኖረው። እናቴ አባቴን ልታገባ ስትል የተቃወመው እሱ ነበር፤ አያቱ ከሰሜን የመጣ ሹም የነበረ ሰው እህቴን አይወስድም ብሎ። ካገቡ በኋላ ግን አባቴን ከእናቴ ነጥቆ የራሱ አደረገው። ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ማር፣ ስለ መንግሥት፣ መንገዱ በየት በኩል መሄድ ነበረበት ስለሚለው። አጎቴ ሲመጣ አባቴ ጢሙን ይላጫል። ለሌላ ሰው፣ ለእናቴም ቢሆን፣ እንዲህ አያደርግም።

እናቴ በስልክ ለወንድሟ የነገረችው ትክክለኛውን ነገር ነው፦ «አጥንቱን ያመዋል። ካልሲየም አንሶታል አሉ።» ፖታሲየም የሚለውን አልነገረችውም፤ ስሙ ከአፏ አልወጣላትም። ሐኪሙ የተናገረውን ግማሹን ብቻ ወሰደችለት።

አጎቴም ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። በእሱ መንደር አጥንት የተሰበረ ሰው፣ ወገቡን ያመመው ሰው፣ ከዛፍ የወደቀ ቡና ለቃሚ የሚበላው ለዚሁ ብቻ የሚተከል እንሰት አለ። ተራ እንሰት አይደለም፤ ጓሮ ውስጥ ተለይቶ ይያዛል፣ ለበዓልም አይቆረጥም። ሥሩ ይቀቀልና ሕመምተኛው ሳይሰለች ይበላዋል፤ አጥንቱ ይገጥማል። አጎቴ በራሱ ጓሮ ያሳደገውን ቆፍሮ፣ በኮባ ጠቅልሎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጫነው። አንድ ትልቅ እንሰት ማለት የዓመታት ልፋት ነው። ለአባቴ ነው የቆረጠው።

እኔ በዚያን ሰሞን ለመሥሪያ ቤት ሥልጠና የት ነበርኩ? ዋጫ! አጎቴ ወደ ቤቴ ሲሄድ እኔ ወደ እሱ አገር እየሄድኩ ነበር። መንገድ ላይ ተላልፈን ይሆናል። የሥልጠናው ርእስ «ውጤታማ ኮሙዩኒኬሽን» የሚል ነበር፤ እውነቴን ነው።

ቤት ውስጥ ሦስቱ ሽማግሌዎች እኔ በሌለሁበት ተማማሉ። እናቴ ሥሩን ትቀቅላለች፣ አጎቴ ያጎርሳል፣ አባቴ ይበላል። ቁርስ ላይም፣ ምሳ ላይም፣ ማታም። አባቴ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ ተኛ። በስልክ «እንዴት ናችሁ?» ስል ከበስተጀርባ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ሰላም ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ስመለስ አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር። ልነሣ ብሎ እጁን መደገፊያው ላይ አደረገ፤ አልተነሣም። እንደገና ሞከረ።

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አለ፤ እየሳቀ። ከንፈሩ ግን አልሳቀም። እጁን ያዝኩ፤ የደም ሥሩ ሲመታ ቆጠርኩ፣ አንዱ ከመታ በኋላ የሚቀጥለውን ስጠብቅ ቆየሁ። እንዲህ የሚዘገይ ልብ በሕይወቴ አልዳሰስኩም።

በባጃጅ ነው የወሰድነው። አባቴ በመካከል፣ እኔና አጎቴ ግራና ቀኝ ደግፈነው፣ እናቴ ከሾፌሩ ጎን ተጣብቃ፣ ዝናቡ በጎን እየገባ። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ሲዘል አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ «ይህንን መንገድ ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» አለ። ያኔ ትንሽ ተስፋ አደረብኝ።

ሐኪሙ ደረቱ ላይ ሽቦዎቹን ለጥፎ የልቡን አመታት በወረቀት አወጣ። ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሞገዱ እንደ ድንኳን ጫፍ ሹል ሹል ብሎ ቆሟል፤ እኔ ባላውቅም እንደዚያ መሆን እንደሌለበት ከፊቱ ገባኝ።

«ፖታሲየሙ ከልክ በላይ ሆኗል። ምን በላ?»

እናቴ መሬት መሬቱን አየች። እኔ እናቴን አየሁ። አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ። «የአጥንት እንሰት። ካልሲየም አንሳለች ስላሉኝ።»

ሐኪሙ ነርሷን መድኃኒት እያዘዘ ነበር፤ አጎቴን ዘወር ብሎ አየው። ይሰድበዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ባይሰድበው እኔ ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር።

«የአጥንቱን አውቀዋለሁ» አለ ሐኪሙ። «እኔም ልጅ ሆኜ እጄን ስሰበር በልቼዋለሁ። ካልሲየም አለው፣ አልተሳሳቱም። ግን ከካልሲየሙ ይልቅ ፖታሲየሙ ይበዛል። እኔ ስበላው ኩላሊቴ ትርፉን አስወጣልኝ። የእሳቸው ኩላሊት ማስወጣት አይችልም። አሁን ልባቸውን ሊያቆመው ነው።»

እንደዚህ በግልጽ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። አጎቴ ግድግዳውን ተደገፈ።

ነርሷ አንድ ትልቅ መርፌ አምጥታ በደም ሥሩ ቀስ እያለች ስትሰጠው ሐኪሙ ዓይኑን ከልቡ ማሳያ ላይ ሳያነሣ ቆመ። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ።

«ካልሲየም» አለኝ።

መሳቅ አማረኝ፤ በዚያ ሰዓት መሳቅ ባለጌነት ባይሆን ኖሮ። አጎቴ በከረጢት፣ በሚኒባስ ጣሪያ፣ ከዋጫ ድረስ ተሸክሞ ሊያደርስለት የፈለገው ካልሲየም በመጨረሻ በመርፌ ገባለት። ሐኪሙ ነገሩን አስረዳን፦ ካልሲየሙ ፖታሲየሙን አያወርደውም፤ ሌላ መፍትሔ እስኪደርስ ድረስ ልቡ እንዳይታወክ ብቻ ይጠብቀዋል። ቀጥሎ ኢንሱሊንና ግሉኮስ ሰጡት፤ ኢንሱሊኑ ፖታሲየሙን ከደም እያነሣ ወደ ሴሎች መልሶ እንዲያስገባ። ያ እስኪሆን ድረስ በልቡ ዙሪያ ቆመን ጠበቅን። አንድ ሰው አባቱን የሚያጣው እንዴት እንደሆነ በፊት ብዙ ጊዜ አስቤው ነበር። እንደዚያ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም፦ ጠግቦ፣ ተወዶ፣ በአማቹ እጅ ጎርሶ።

ሹሉ ድንኳን ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። አባቴ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው አጎቴን ነው።

«ጣፋጭ ነበር» አለው።

አጎቴ አለቀሰ። ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ፤ የት እንደሄደ አላየነውም። በማግስቱ ወደ ዋጫ መመለሱን ከሌላ ሰው ሰማን። ስልኩን ሲደውሉለት አያነሣም።

አባቴ ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ እኔን ለብቻ ጠርቶ እንዲህ ያለው ነገር ከተደገመ ወደ ኩላሊት እጥበት መሄዳችን አይቀርም፣ ካልደረስንበትም ሊሞት ይችላል አለኝ። ስለዚህ ነገሩን እስከ ጥግ ያዝኩት። በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ እንዲነገርልኝ ለጸሐፊው ነገርኩት፦ ለአባቴ ምንም ዓይነት ምግብ ይዞ የሚመጣ ሰው ከበር ይመለሳል፣ ሐኪም ነው ያለው።

ያላሰብኩት ነገር፣ የእድር ጸሐፊ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠርጎ የሰው ስም ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጸሐፊው በለመደው ድምፅ የአባቴን ሙሉ ስም ሲጠራ ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ!» ብላ ደረቷን መታች። ሌሎቹ ተከተሏት። ጸሐፊው «ቆዩ! ቆዩ! ሙዝ ነው! ሙዝ አታምጡ ነው!» እያለ እስኪጮህ ድረስ ግማሹ ቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ነበር። የእድር ድንኳን እንዲተከል ሰው የላኩም ነበሩ። ለአባቴ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «በጣም ነው ያለቀሱት?» ብሎ ነው። በጣም ነው አልኩት። ደስ አለው።

ግን ማስታወቂያው ሠራ። ከጠበቅሁት በላይ ሠራ። ጠያቂ ቀረ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አታምጡ አልኩ እንጂ አትምጡ አላልኩም። ነገር ግን ሕመምተኛ ቤት ባዶ እጅ መግባት የማይችል ሰው ይዞ እንዳይገባ ሲከለከል ጨርሶ አይገባም። እትዬ አንድ ቀን ደፍረው መጡ፤ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ፣ አወጡ፣ ደበቁ። እግዜር ይማርህ ብለው ሻዩ ሳይቀርብ ተነሡ። ከዚያ በኋላ በራችን ላይ ሲያልፉ ከመንገዱ ማዶ ሰላም ይሉናል። ዕዳ እንዳለበት ሰው ይቸኩላሉ።

ቤታችን ዝም አለ። ውጤቱ ግን ቆንጆ ነበር። ምርመራ በሄድን ቁጥር ፖታሲየሙ ልክ ነው፣ ካልሲየሙም እየተሻሻለ ነው፤ ሐኪሙ ያመሰግነኛል። እኔም ኮራሁ፤ ለምን አልኮራም? አባቴ በሕይወት አለ። አባቴ ግን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ መንገዱን ያይ ጀመር። ጢሙን መላጨት ተወ። ሁለቴ ተቀቅሎ ጣሙ የተደፋውን ጎደሬ አኝኮ ይውጣል፣ ምስጋናም ተቃውሞም የለም። አልጋው ሥር ልጣጭ መፈለግ አቆምኩ፤ የሚያመጣለት ሰው የለምና ልጣጭም የለም።

አንድ ቀን ከምርመራ ስንመለስ ጠየቀኝ። «ፖታሲየሜ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ካልሲየሜስ?»

«እሱም ጥሩ ነው።»

«እሺ» አለ። «ከእነሱ ጋር ተጫወቺ እንግዲህ።»

ተናደድኩ። እሱን ለማቆየት የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠላት አድርጌ፣ ከሥራ እየሮጥኩ መጥቼ፣ ውሃ እየደፋሁ፣ እንዲህ ይለኛል? ኮስተር ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። እናቴ እዚያ ቆማ ነበር፤ ሰምታዋለች። «ናፍቆት ነው» አለችኝ። «ወንድሜን ነው የናፈቀው።» ማስታወቂያውን ያስነገርኩት ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አስነግራለሁ። ግን ያን ቀን ምሳዬ አልወረደልኝም።

እናቴ ለወንድሟ ደብቃ መላክ የጀመረችው መልእክት እንዴት እንደነበረ አላውቅም። ወደ ዋጫ በሚሄድ ሰው ሁሉ ትልካለች፤ አጎቴም «ምን ይዤ ልምጣ?» ብሎ ይመልሳል። ምንም። «ምንም ሳልይዝ እንዴት እመጣለሁ?» ይህ ንግግር በሚኒባስ ሲመላለስ ክረምቱ ገባ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንድ ባጃጅ እስከ ደጃችን ድረስ መጣ። መናኸሪያው ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ አጎቴ ደግሞ በእግሩ የሚመጣ ሰው ነው፣ ለባጃጅ ገንዘብ ማውጣት ስንፍና ነው ባይ። ያን ቀን ግን ባጃጅ ይዞ፣ የጎኑን ሸራ አስጋርዶ መጣ። ኋላ እንደነገረን ባዶ እጁን ወደ ሕመምተኛ ቤት ሲሄድ ሰው እንዳያየው ነው። ሚስቱ ከቤት ሲወጣ «አበድክ እንዴ?» ብላ በር ላይ ቆማበት ነበር።

ወርዶ ሮጦ በረንዳው ላይ ደረሰ። ባጃጁ ዞሮ ሊሄድ ሲል ቆመ፤ ጢሙ የሸበተው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

«አባባ! ሙዝዎን ረሱት!»

«ላንተ ነው አልኩህ እኮ!» አለ አጎቴ፣ ወደ እኔ እንደ ሌባ እያየ። «ውሰዳት! ብላት! ሂድ!» መናኸሪያ ሲደርስ እጁ ከልምድ የተነሣ አንድ ዘለላ ገዝቷል። ከዚያ ትዝ ሲለው ለሾፌሩ ሰጥቶታል።

ከውስጥ ድምፅ ተሰማ። አባቴ እየሳቀ ነበር። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ሳል እስኪይዘው ድረስ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አልተጠጋችም።

አጎቴ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ እሱን እንኳ የሚይዝበት ምክንያት እንዳይኖረው ይመስል ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሁለቱም እጆቹ ባዶ ሆነው ጎንና ጎኑ ተንጠለጠሉ። በዚያ ዕድሜው እጁን የት እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ» አለ። «ምንም አልያዝኩም። ይቅር ይበሉኝ።»

አባቴ እጁን ዘረጋለት። አጎቴ ተጠግቶ ጎንበስ አለ፣ አባቴ ሁለቱንም እጆቹን ያዘ፣ ገለበጣቸው፣ መዳፎቹን አየ። ከእንሰት ቁፋሮ የሻከሩ ናቸው፤ ሌላ ምንም የለባቸውም።

«እስካሁን የት ነበርክ?»

«ገደልኩዎት ብዬ ነዋ።»

«አልገደልከኝም። መቅረትህ ነው ሊገድለኝ የነበረው» አለ አባቴ። እኔን አላየኝም፤ ለእኔም መሆኑን ግን አውቄዋለሁ። «ተቀመጥ። የመንገዱን ነገር አንነጋገርም፣ ልቤ አይችልም። የዝናቡን አውራኝ።»

አጎቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ ሊያወራ ጀመረና አባቴ ወዲያው አቋረጠው፤ ባለፈው ዓመት ይበልጥ እንደዘነበ። አጎቴ አልዘነበም አለ። ተጨቃጨቁ። እናቴ አጠገቤ ቆማ እጄን ያዘች፤ እኔም ማልቀሴ ያኔ ነው የታወቀኝ።

ሲመሽ አጎቴ ሊነሣ ሲል አባቴ አለቀቀውም።

«ሰፈሩን ሁሉ ዙርና ንገርልኝ» አለው። «ባዶ እጃችሁን ኑ ብሏል በላቸው።»

አጎቴ በሩን፣ ዝናቡን፣ ከዚያ መዳፎቹን አየ።

«ጋሼ፣ እኔ ብነግራቸው ማን ያምነኛል?»

«እጅህን አሳያቸው» አለው አባቴ።